ሁለቱን ጫፍ ሳላይ

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ራውተር ሸለሙኝ። እኔ የጠበቅሁት ጋቢ ነበር። ካርቶኑን በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው፣ አበባ ደርበው፣ አጨብጭበው ሰጡኝ፤ እኔም ስቄ አመሰገንኩና ቤቴ ወስጄ አገላብጬ አየሁት። ማሸጊያው አንዴ ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር ተለጥፏል። ምናልባት ሻጩ መሥራቱን ሊያሳያቸው ከፍቶት ይሆናል። ምናልባት። ስምንት አንቴና አለው፤ በጀርባው የወደቀ ሸረሪት ይመስላል። እስከ ዛሬ ሶኬት ላይ አልሰካሁትም።

«እትዬ ዘነበች፣ አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ አታምኚም» ይሉኛል የሰፈሬ ሰዎች። እውነታቸውን ነው። ግን ጥርጣሬን ከእናቴ አልወረስኩትም፤ ደመወዝ እየተከፈለኝ የተማርኩት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ምዕራብ ዓባያ አጠገብ በነበረ አንድ እርሻ ውስጥ፣ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ ቀዳዳ የሞላበት ሰሌዳ አለ፤ እጄ ላይ ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ። ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑን ሲፈልግ አንዱን ጫፍ በእሱ ቀዳዳ፣ ሌላውን በመጋዘኑ እሰካለሁ፤ ይነጋገራሉ። መጨረሳቸውን ለማወቅ ማዳመጫውን ማንሳት ግድ ነው፤ ሳነሳ ደግሞ እሰማለሁ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ዝውውር እንደተከለከለ፣ የትኛው የሒሳብ ሠራተኛ ሚስቱን «ስብሰባ ላይ ነኝ» እንደሚል ሁሉ አውቅ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰዎቹ ግን በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ ያ ዝቅ ያለው ድምፅ ቀጥታ ወደ እኔ ጆሮ ይመጣል። ዛሬ አንድ ሰው «ይሄ መስመር አስተማማኝ ነው» ሲለኝ፣ መሃል ላይ የተቀመጠችው ማን ናት ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የእርሻው የሽቦ ሠራተኛ ጋሽ ዳልጋ ይባል ነበር። አገሩ ካምባ ነው። አማርኛን የተማረው ጎልምሶ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይል ነበር፤ እኔንም አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም። መስመሩ ሕይወት እንዳለው ለማወቅ የሽቦውን ጫፍ በምላሱ ይነካና ፊቱን ጨፍገግ አድርጎ ያስባል። «እንዳትሞክረው» ይለኛል፤ አንድ ቀን ሞክሬው ምሳ መብላት አቅቶኛል።

ስልክ ሲሞት ጋሽ ዳልጋ ወዲያው ወደ ምሰሶ አይሮጥም። መጀመሪያ ሰው ይጠይቃል። ዘበኛውን፣ ሾፌሩን፣ እኔን፣ አንዳንዴም ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር «ትናንት ምን ነካህ? ምን አንቀሳቀስህ?» ይላል። በየተራ ከጠየቀ በኋላ ሁሉንም ማንጎ ሥር ሰብስቦ ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል፤ ለብቻው የሚዋሽ ሰው ጎረቤቱ ፊት ይቸገራል ባይ ነው። ይህንን ከአገሩ ሽማግሌዎች ነው ያመጣው። በጋሞ ዝናብ ሲቀር ወይም ቤት ውስጥ በሽታ ሲደጋገም ሽማግሌዎች ሰው ሰብስበው የተደበቀ ጥፋት እንዳለ ያወጣጣሉ። የተደበቀው ጥፋት «ጎሜ» ይባላል፤ ካልተነገረ አይለቅም። «ሽቦም ጎሜ አለው» ይል ነበር ጋሽ ዳልጋ።

አንድ ጊዜ ሙዝ የጫነ መኪና ሽቦ በጥሶ ሄደ። አብሬው ወጥቼ ነበርና የተበጠሰውን ቦታ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጠለው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እንመለስ ስለው «ቆይ አንተ» ብሎ በመስመሩ ሥር መሄዱን ቀጠለ። መጨረሻው አካባቢ ምስጥ የበላው ምሰሶ ወድቆ ሽቦው ረግረግ ውስጥ ተኝቷል። ያንን ሳናነሳ ብንመለስ ስልኩ እንደሞተ ይቀር ነበር። «መጀመሪያ ያገኘኸው ጥፋት ደስ አያሰኝህ» አለኝ። «ሁለቱን ጫፍ በእጅህ ሳትነካ ቤትህ አትግባ።» ጋሽ ዳልጋ አሁን በሕይወት የለም።

ማዞሪያው ሲቀር እኔም ከእርሻው ለቅቄ፣ በዞኑ ውስጥ ቅርንጫፎች ወዳሉት አንድ የልማት ማኅበር ገባሁ። ኮምፒውተር መጣ፤ ሥልጠና ተላክሁ፤ በወረቀት ላይ «የኔትወርክ ባለሙያ» ሆንኩ፤ ደመወዙ ላይ ግን ባለሙያነቴ ብዙም አይታይም ነበር። ካምባ ስመደብ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ በየነ የኔትወርኩን ሳጥን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ሳጥኑ በሙቀት ታፍኖ ሲቆም፣ አቶ በየነ ከገበያ እስኪመለሱ ድረስ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጨንቻ ስዛወር ደግሞ ኃላፊው ፓስዋርዱን «እንግዳ እንዳይቸገር» ብለው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፈውት አገኘሁ። ሠራተኛው የጨንቻውን ይወድ ነበር፣ በካምባው ይስቃል። እኔ ግን ከአለቆቼ ሁሉ አቶ በየነን ነው የማከብረው፤ እሳቸው ቢያንስ ያ ሳጥን በር መሆኑ ገብቷቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አርባ ምንጭ ተዛወርኩና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ቤት ኔትወርክ መዘርጋት ጀመርኩ። ሲቀላም ሴቻም ያልገባሁበት ሰፈር የለም። ራውተሩን ብዙውን ጊዜ ቡፌ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው የማገኘው። በእኛ ሙቀት ዳንቴል ያለበሱት ራውተር ምን እንደሚሆን ለመገመት መማር አያስፈልግም። ዳንቴሉን ሳነሳ የቤቱ እመቤት ፊቷ ይቀየራል፤ እንግዳ ፊት ያራቆትኩት ይመስል።

ሲገዙ ደግሞ አንቴና ይቆጥራሉ። አንድ ሻጭ «ይሄ እስከ ሐይቁ ይደርሳል» ብሎኛል። «ሐይቁ ላይ ያለው አዞ ነው፤ ምን ሊያደርግለት ነው?» አልኩት። እኔ ራውተር ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሠሪው ነው፤ ዕቃውን ከሸጠ በኋላ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍን ማሻሻያ ይልካል ወይስ ሸጦ ረስቶታል? ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የመግቢያ ቃልስ ሳልቀይር እንዳልሄድ ያስገድደኛል? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ኃይል የማይቃጠል፣ ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ መክፈት የሚችል ከሆነ ሁለት አንቴና ይበቃል። ሻጮች እኔን ሲያዩ ሌላ ደንበኛ እንዳለባቸው ትዝ ይላቸዋል።

አሁን ወደ መምህር ኤልያስ ቤት ልግባ። ከሠራኋቸው ቤቶች ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

መምህር ኤልያስ ሴቻ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከጨንቻ በላይ ወዳለው የትውልድ መንደራቸው እየወጡ፣ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ሲያስታርቁ ድምፃቸውን ቀድተዋል። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ለእርቅና ለምክር የሚቀመጡበት ሣር ሜዳ ነው። እዚያ የተነገረ ጥፋት ይቅር ከተባለ በኋላ ዳግመኛ አይነሳም፤ ማንሳቱ ራሱ ጎሜ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅጂውን የፈቀዱት የምርቃቱና የእርቁ ቋንቋ እንዳይጠፋ ብለው፣ በአንድ ቃል ነበር፤ ድምፁ ከመምህሩ ቤት እንዳይወጣ።

ቅጂዎቹ ሳሎኑ ጥግ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። ሐዋሳ የሚሠራው ልጃቸው ዮናታን «ሰርቨር» ይለዋል፤ እሱ ነው ያደራጀው። አባቱ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ቅጂዎቹን በርዕስ ለመለየት ከሐዋሳ ሆኖ መግባት ፈለገ። መምህሩ ልጄ ሲያዳምጥ ከቤቴ ወጣ አይባልም ብለው ፈቀዱ። ደወለልኝ።

«እትዬ፣ አንድ ፖርት ክፈቺልኝና በቃ፤ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ።»

«አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚገፋው በር አልከፍትም» አልኩት።

በምትኩ ቪፒኤን ሠራሁለት፤ የእሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ቁልፍ የሚከፍተው፣ ከሐዋሳ እስከ አባቱ ሳሎን የተዘጋ መተላለፊያ ነው። ራውተሩን እኔው መረጥኩ፤ ባለ ሁለት አንቴና። ሰርቨሩ ከውጭ የገባውን ሁሉ እንዲመዘግብ አዘዝኩት። ከዚያ መንገድ ላይ ቆሜ በራሴ ስልክ ዳታ ለመግባት ሞከርኩ፤ በየትም በኩል አልገባ አለኝ። ኮራሁ። ቤት ውስጥ ግን ቅጂዎቹ ያሉበት ፎልደር ፓስዋርድ አልነበረውም፤ መምህሩ በታብሌት ሲያዳምጡ ፊደል መምታት ያቅታቸዋል። «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?» አልኳቸው። «እኔና ማርታ» አሉኝ። አመንኳቸው፤ ደግሞም አልዋሹኝም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ድምፅ በሰው ስልክ መዞር ጀመረ። አንድ ገበሬ ዱቡሻ ላይ ተንበርክኮ የጎረቤቱን ድንበር እንደገፋ ሲናገር ይሰማል። ሰውየው ሞቷል፤ ከጎረቤቱ ጋር የታረቀው ከመሞቱ በፊት ነው፤ ልጆቹም ከዚያኛው ቤት ልጆች ጋር አብረው ያርሱ ነበር። ጨንቻ ገበያ ላይ አንዱ የሟቹን ልጅ «የድንበር ሌባ ዘር» አለው። ዱላ ተማዘዙ፤ ገላጋይ ገባ። በዚያው ሰሞን ከአንዱ ቤት ሰው ሲሞት የሌላው ቤት ሰዎች ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። አገሬው ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ ለቅሶ መቅረት ከዱላው ይብሳል።

ሽማግሌዎቹ መምህር ኤልያስን ጠሩ። የሚጠብቃቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ዱቡሻ ላይ አይቀመጥም፤ ሰላምታውንም ሰው እየቀነሰበት ይሄዳል። መምህሩ እህል መብላት ተዉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ እያለቀሱ ደወሉልኝ።

ሄጄ መዝገቡን ከፈትኩ። ድምፁ መዞር ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ከሐዋሳ የገባ ሰው ያንኑ ቅጂ አዳምጧል። ቁልፉ የዮናታን ነው። ያገኘሁ መሰለኝ።

«የወጣው በሐዋሳ በኩል ነው» አልኳቸው።

መምህሩ እዚያው ደወሉ፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ዮኒ፣ አንተ ነህ?»

«ምኑ አባዬ?»

«ያ የድንበሩ ነገር።»

«ሰምቼዋለሁ። ርዕስ ልሰጠው ነበር። ለማንም አልሰጠሁም።»

«እትዬ ዘነበች አይታለች።»

ዮናታን «እሷ ካየች እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ለአባቱ አልደወለም፤ ሲደወልለትም አላነሳም።

ሰው ይህንን ስነግረው «ጥርጣሬሽ ጉድ ሠራሽ» ይለኛል። አይደለም። ልጁን መጠርጠሬ ዛሬም አያሳፍረኝም፤ መጠርጠር ነበረብኝ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሳገኝ መጠርጠሬን አቆምኩ። ሙዝ የጫነው መኪና የበጠሰውን አይቼ፣ ረግረጉ ውስጥ ያለውን ሳላይ ተመለስኩ።

«እሷ ካየች» ያለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ምን ነበር ያየሁት? መዝገቡ ከውጭ የሚመጣውን ብቻ እንዲጽፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ከቤት ውስጥ ማን እንደሚገባ ሊነግረኝ አይችልም። በማግስቱ ተመልሼ ራውተሩ ላይ የተገናኙትን ስልኮች አየሁ። ሁለት አዛውንቶች በሚኖሩበት ቤት አንድ ሚኒባስ የሚሞላ ስልክ ተሰልፏል።

እንደ ጋሽ ዳልጋ በየተራ ጠየቅሁ፤ ሁሉም «እኔ ምንም አልነካሁም» አለ። ከዚያ የግቢውን ሰው ሁሉ ሽፈራው ዛፉ ሥር ሰበሰብኩ፤ መምህሩን፣ ወይዘሮ ማርታን፣ የአጥር ጎረቤቶችን፣ ሰርቪስ ቤቷን የተከራየውን፣ ታሪኩ የሚባለውን ወጣት አናጢ።

«ዋይፋዩን ለሰው የሰጠ ማን ነው?» አልኩ።

ወይዘሮ ማርታ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «እኔ ነኝ። ለሁሉም ሰጥቻለሁ። ፍም ልትጭር የመጣችን ጎረቤት ባዶ እጇን መልሼ አላውቅም። ይሄ ደግሞ ሲሰጡት አያልቅም ብላችሁኛል። እንዴት ብዬ ልከልክል?»

ራውተሩ ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ መክፈት የሚችል ነው፤ ብዬ ብዬ የመረጥኩት ለዚያ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ አለ ተብዬ ሳልከፍተው ሄድኩ።

ታሪኩ ከተቀመጠበት ተነሳ። እሱም ከጨንቻ በላይ ካለው መንደር ነው፤ የአንደኛው ሽማግሌ የልጅ ልጅ። ስልኩ ላይ ፊልም ሲፈልግ የመምህሩ ፎልደር ክፍት ሆኖ ታየው።

«አንዱን ብከፍተው የአያቴ ድምፅ ነው» አለ። «ሲመርቅ። ከሞተ ስንት ጊዜው ነው፣ ፎቶ እንኳን የለንም። አለቀስኩ። ለእህቴ ላክሁላት። መጨረሻው ላይ የሰውየው ነገር እንዳለ አልሰማሁም፤ ምርቃቱ ላይ ነው ያቆምኩት።»

እህቱ ለዘመድ ላከች፣ ዘመድ ለዘመድ፤ መንገድ ላይ አንዱ ምርቃቱን ቆርጦ ጥሎ ኑዛዜውን አስቀረ። መምህር ኤልያስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ልጄን» አሉ። እኔ ለዮናታን ደወልኩ። አላነሳም። ጽፌ ላክሁለት፤ ማንበቡን አየሁ፤ መልስ የለም።

መምህሩና ታሪኩ ወደ ላይ ሲወጡ እኔም ሄድኩ። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ የቆላ ሰው ነኝና ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሽማግሌዎቹ በክብ ተቀምጠዋል። እኔ ዳር ቆምኩ። ታሪኩ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዞ ተንበርክኮ የሠራውን ሳያሳንስ ተናገረ። የሁለቱ ቤት ሰዎች ትይዩ ቆመው ይሰማሉ። ከዚያ በዕድሜ የገፉት አባባ ካልሳ ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸውም እንደ ጋሽ ዳልጋ ናቸው፤ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

«የሽቦ ሰው አንተ ነህ?»

«ነኝ አባባ።»

«ድምፁ ሁለተኛ አይወጣም?»

«ፎልደሩን ቆልፌዋለሁ። ቁልፎቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። ለጎረቤት የተለየ መስመር ሰጥቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁም። አይወጣም ብለህ ማል።»

መምህር ኤልያስ አዩኝ። ብምል ይድናሉ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይምል ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም፣ እኔም ያወቅሁትን ሁሉ ዘግቼ ነበር። ግን ባለፈውም መንገድ ላይ ቆሜ ያወቅሁትን ሁሉ ዘግቼ ነበር።

«አልምልም» አልኩ።

ክቡ አጉረመረመ። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለምን?» አሉ አባባ ካልሳ።

«ሽቦ ሌላ ጫፍ አለው፣ አባባ። ዛሬ ማን እንደያዘው አይቻለሁ። ነገ ማን እንደሚይዘው አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ጆሮዬን ባቆምም ከሩቅ የምለየው ጥቂት ቃል ነው። በመጨረሻ አባባ ካልሳ በአማርኛ ተናገሩኝ።

«እንግዲያው ሽቦውን አውጣ። ድምፁ ይቆይ። መስማት የፈለገ ሰው እግር አለው።»

መምህሩ ቦታቸው ተመለሰላቸው። የሁለቱ ቤት ሰዎች ሣር ይዘው ተያዩ፤ ለቅሶ ያልደረሱት እዚያው ከሜዳው ተነስተው ወደ ለቅሶው ቤት ሄዱ። እኔ አርባ ምንጭ እንደወረድኩ የሰርቨሩን ገመድ ነቀልኩ፤ ሽቦ አልባውንም አጠፋሁት። ቪፒኤኑን ከሥሩ አነሳሁ። ከተከልኳቸው ሁሉ ይበልጥ የለፋሁበት እሱ ነበር።

ዮናታን ለአባቱ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣ። መምህሩ «አንቺም ተገኚ» ስላሉኝ ሳሎኑ ውስጥ ቆይቼ ነበር። አባቱን አቅፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። እኔን «ደህና ዋልሽ» አለኝ። አንቱ ባይለኝም እትዬ ማለቱን ግን ከጥንት ጀምሮ አቋርጦ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተወው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺም እምቢም ለማለት አልነበረም። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ ሰርቨሩ ፊት ተንበረከከ። የተነቀለውን ገመድ ከወለሉ አንስቶ ጫፉን በእጁ ያዘው። በገመዱ ላይ እጁን እያስኬደ ግድግዳ ግድግዳውን እስከ ራውተሩ ድረስ ሄደና በዚያም በኩል የተነቀለ መሆኑን አየ።

«ዋይፋዩስ?» አለ፣ ሳያየኝ።

«ከሰርቨሩ ላይ አጥፍቼዋለሁ።»

«ላየው።»

አልተቆጣሁም። ወንበሩን ለቀቅሁለትና ቆሜ ጠበቅሁት።